ለግራንድ ቪታራ ስኪድ ፕሌት (ከሥር የሚታሰር መከላከያ ብረት)፦ ተሠርቶ የመጣ ልግዛ ወይስ እዚሁ ላሠራ?

ባለ ቪታራዋ | ሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ የ2008 ሞዴል ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ናት። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ዶፍ ይወርድ ነበር። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ዋናው መንገድ ስለተዘጋጋ ውስጥ ለውስጥ ገባሁ። መንገዱን ጎርፍ ሞልቶታል። በቀስታ እየነዳሁ ሳለ ከሥር «ጓ!» አለ። የማንሆል ክዳን ከቦታው ተነስቶ በጠርዙ ቆሞ ኖሯል። ውኃው ስለሸፈነው አላየሁትም።

200 ሜትር ያህል እንደሄድኩ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። አባቴ መንዳት ሲያስተምረኝ «ይህ መብራት ከበራ ዳር ያዢና ሞተር አጥፊ፤ ስልክ የምትደውይው ከዚያ በኋላ ነው» ይለኝ ነበር። እንዳለኝ አደረግኩ። መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። የዘይት ቋቱ ተሰንጥቆ ዘይቱ በሙሉ ፈስሷል። ሞተሩ ግን ተርፏል፤ ተመስገን ነው።

መኪናዋን ሲያነሷት ሥሯን አየሁት። ከፋብሪካ የመጣው የፕላስቲክ ሽፋን እንኳ የለም። ከዓመታት በፊት ዘይት የቀየረልኝ ጋራዥ ፈትቶት ሳይመልሰው ቀርቷል። ይሄ ነገር አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

ከሥር ብረት ላስገጥም ወስኛለሁ። አንዱ «ከቻይና የሚመጣውን ግዢ፣ ቀዳዳው ልክክ ይላል» ይለኛል። ሌላው «ላሜራ ገዝተሽ አሠሪ፣ በግማሽ ቀን ያልቃል» ይላል። ብረት ይሻላል አሉሚኒየም? ውፍረቱስ ስንት ይሁን? መኪናዋን ያከብዳት ይሆን? ቤቴ አራት ኪሎ ነው። በወር አንዴ ከቤተሰብ ጋር ከከተማ እንወጣለን፤ ከመናገሻ ሱባ ጫካ የባሰ መንገድ ግን አንገባም።

የካዛንቺስ ልጅ | ሰኞ ከምሽቱ 3፡05

እንኳን ሞተርሽ ተረፈ እህቴ። እኔም ያንቺው ዓይነት ቪታራ ስላለኝ የሚባለውን ሁሉ በደንብ እከታተላለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የፋብሪካው ፕላስቲክ ቢኖርም ከዚያ ክዳን አያስጥልሽም ነበር። እሱ ጭቃና ውኃ ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ፣ ነፋሱም ከሥር በሥርዓት እንዲያልፍ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው እሱን አይቶ «መከላከያ አለኝ» ብሎ ያምናል።

የድሮ መካኒክ | ሰኞ ከምሽቱ 4፡20

ልጄ፣ 30 ዓመት መኪና ሥር ተኝቻለሁ፤ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ስለ ቋቱ። በማጣበቂያ ተደፍኖ ከሆነ ለጊዜው ነው፤ ቀይሪው። የዘይት ቋት ሁለት ዓይነት ነው፤ ከብረት ላሜራ ተጨፍልቆ የተሠራ አለ፣ ቀልጦ የተሠራ አሉሚኒየም አለ። አሉሚኒየሙ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ባለቤቱ ወዲያው ያውቃል። እኔ የምፈራው ላሜራውን ነው። ሲመታ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይቀደድም። ጠብታ ስለሌለ ሰው «ምንም አልሆነም» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ቋቱ ውስጥ ግን፣ ከወለሉ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ፣ ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት አለ። ወለሉ ወደ ላይ ከተገፋ ያንን ወንፊት ይደፍነዋል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ስለዚህ መኪናው ከሥር የተመታበት ሰው፣ ጠብታ ባያይም፣ አስነስቶ ያሳየው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ብረት ወይስ አሉሚኒየም ከማለትሽ በፊት «የት ላይ ነው የሚታሰረው?» ብለሽ ጠይቂ። መታሰር ያለበት ሻንሲው ላይ ወይም ሞተሩን የተሸከመው የብረት አልጋ ላይ ነው። ፋብሪካው ራሱ የቡሎን ጥርስ አውጥቶ የተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱን አስፈልጊ። ከራዲያተር መያዣው ስስ ላሜራ ጋር፣ ከፓራውልቱ ጋር፣ ይባስ ብሎም ከዘይት ቋቱ ቡሎን ጋር ሲያስሩት አይቻለሁ። እንዲህ የታሰረ ብረት የድንጋዩን ጉልበት ተቀብሎ ለቋቱ ያደርሳል።

ክፍተትም ይኑረው። ከቋቱ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል 3 ይራቅ። ብረቱ ሲመታ ይጎብጣል፤ ሞተሩም በጎሚኒ ላይ ስለተቀመጠ ይወዛወዛል።

በያጁ «ሻንሲው ላይ ልበይደው» ካለሽ እምቢ በይ። የፊተኛው ክፍል በግጭት ጊዜ እየተጨማደደ ጉልበቱን እንዲውጥ የተሠራ ነው፤ በብየዳ ማደንደን ለሰውም ለመኪናም አይበጅም። ሌላ ቦታ የሚበየድ ነገር ካለ ደግሞ መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ።

ፒያሳ ነኝ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡10

እኔ የምለው ከእናንተ ይለያል፣ ይቅርታ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ በኮሪደር ልማቱ መንገዱ አምሮበታል። ለከተማ ብሎ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ መዞር ነዳጅ ማባከን ነው። ክረምት ላይ ውኃ የሞላበት መንገድ አለመግባት፣ ቀስ ብሎ መንዳት፣ በቃ።

ከጌጃ ሰፈር | ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡35

ወንድሜ፣ ዋናው መንገድ አምሯል፣ ልክ ነህ። ግን ማንም አስፋልት ላይ አያድርም። ከአስፋልቱ ገባ ስትል ኮብልስቶኑ ጎማ የሚረግጠው ቦታ ሰምጦ መሀሉ እንደ አህያ ጀርባ ቀርቷል። ያ መሀል የሚነካው የመኪናውን ሆድ ነው። አራት ሰው ሲጫን ደግሞ መኪናው ዝቅ ይላል፤ ቀስ ብትልም ይነካል። እሷም እኮ በቀስታ ነው የነዳችው።

ብረት ሠሪ | ማክሰኞ ከቀኑ 7፡00

ስለ ክብደቱ በግምት ሲወራ ስላየሁ ሒሳቡን ልጻፈው። ለመካከለኛ መኪና 80 በ60 ሴንቲ ሜትር ላሜራ እንውሰድ። ብረት ሆኖ 2 ሚሊ ሜትር ከወፈረ 7.5 ኪሎ ነው። 3 ሚሊ ከሆነ 11.3 ኪሎ። አሉሚኒየም 5 ሚሊ ከሆነ 6.5 ኪሎ። ከባዱ እንኳ ከኋላ ከሚቀመጥ ሕፃን አይበልጥም። @ፒያሳ ነኝ፣ በነዳጁ ብዙ አትጨነቅ።

ጥንካሬ ከውፍረት ብቻ አይመጣም። ወረቀት በአንድ ጫፉ ይዛችሁ ዘርጉት፤ ወዲያው ይወድቃል። መሀሉን አጥፋችሁ ያዙት፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ላሜራም እንደዚያ ነው። ግራና ቀኙ 3 ሴንቲ ወደ ላይ ከታጠፈና መሀሉ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት እጥፋቶች ካሉት፣ 2 ሚሊ ብረት ለከተማ መንገድ ይሆናል። ሱባ ጫካ እሄዳለሁ ካልሽ 3 ሚሊ አድርጊው። እጥፋቱ በማጠፊያ ማሽን ይሁን። በመዶሻ እየቀጠቀጡ ያጠፉት ላሜራ ጠርዙ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የፊተኛው ጠርዝ ወደ ላይ ይጠማዘዝ። ድንጋዩ እንዲንሸራተት እንጂ እንዲያርስ አንፈልግም። ሁለት ላሜራ ከሆነ፣ የፊተኛው የኋላ ጫፍ ከኋለኛው ሥር ይደረብ። የጣራ ቆርቆሮ እንደሚደረበው ማለቴ ነው። ከተገላበጠ የኋለኛው ጠርዝ ድንጋይ ይይዝና ይነቀላል።

ላሜራ የሚሸጠው ባብዛኛው 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ከዚያ ለሦስት መኪና ይወጣል። ለብቻሽ ሙሉውን አትግዢ፤ ከሰው ጋር ተካፈዪ፣ ወይም ምናለሽ ተራ ቁራጭ ፈልጊ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የለበሰ) ከሆነ በያጁ ክፍት ቦታ ይሥራ። የዚንኩ ጭስ ማታውን ትኩሳት ያስይዘዋል። አንቲረስት የሚቀባው ከተበሳ በኋላ ነው፤ የቀዳዳው ከንፈር ሳይቀባ ከቀረ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል።

ቅዳሜን ከከተማ ውጭ | ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ፕራዶ ላይ 6 ሚሊ አሉሚኒየም አለኝ፤ አራት ክረምት አልፎበታል። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ሙቀትም አይዝም። ለምን ታዲያ ለእህታችን ብረት ብዬ እመክራለሁ? አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይነከሳል እንጂ እንደ ብረት አይንሸራተትም። ሁለተኛው ደግሞ መንገድ ላይ ቢቀደድ ነው። ብረት በየትኛውም የገጠር ከተማ በያጅ ያገኛል። አሉሚኒየም የሚበይድ ፈልጌ አንዴ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በገመድ አስሬው መጥቻለሁ።

አሉሚኒየም የሚመርጥ ካለ በብረቱ ቡሎንና በአሉሚኒየሙ መካከል ጎሚኒ ወይም የፕላስቲክ ራንዴላ ያስገባ። ሁለቱ ብረቶች በእርጥብ ጭቃ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ቀዳዳው ዙሪያ እንደ ዱቄት እየሆነ ይበላል።

ተሠርቶ የሚመጣውን በተመለከተ፣ «ማንጋኒዝ ብረት»፣ «ማግኒዥየም አሉሚኒየም» የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። ማግኔትና ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ የተለጠፈበት ወረቀት ምንም ይበል። የመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን የሞተሩ መጠን፣ ዓመተ ምርቱና ፎር ዊል መሆን አለመሆኑ መመሳሰል አለበት። አንድ ቀዳዳ 1 ሴንቲ ከሳተ ጋራዡ ውስጥ መሞረድ ይጀመራል፣ ከዚያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

ኤሌክትሪክ ነጂ | ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡15

ውይይቱን ጠልፌ እንዳይሆን እንጂ፣ እኔ ኤሌክትሪኩን ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ነው የምነዳው። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንደኔ ያለው ሰው በዝቷል። የነዳጅ ሞተርና የዘይት ቋት የለኝም፣ ባትሪው ግን ሙሉ ወለሉ ሥር ተዘርግቷል። ላሜራ ላስገጥም?

የድሮ መካኒክ | ረቡዕ ከቀኑ 6፡40

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሴ ግን ጥንቃቄ የበዛበት ነው። ባትሪውን ከሥር የሚጠብቅ ወለል ፋብሪካው ሠርቶለታል። ባትሪውን ያሰሩትን ቡሎኖች ፈትቶ በነሱ ላይ ላሜራ መደረብ አይገባም። ባትሪው ላይ መብሳትማ ጭራሽ አይታሰብም። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነው።

ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። በላሜራውና በባትሪው መካከል ጠጠር ከገባ መውጫ የለውም። ላሜራው በተመታ ቁጥር ያ ጠጠር ባትሪውን ይወጋዋል። ለመኪናህ ተብሎ የተሠራና በራሱ ማሰሪያ ሻንሲው ላይ የሚገጠም ካገኘህ ከፊት፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩና የማቀዝቀዣው ቱቦዎች ባሉበት በኩል አስገጥም። ከሥር ከተመታህ ደግሞ መኪናው ቢነሳም ቢሄድም አስነስተህ እይ። ወለሉ ጎብጦ ወይም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጠብ ብሎ ካየህ ቻርጅ ሳታደርግ በኮምፒውተር አስነብበው።

ራቭ ባለቤት | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡00

የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ላሜራ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። በራቭ ፎሬ ላይ ያሠራሁት ላሜራ ድፍን ነበር። ዘይት ሲቀየር ሁሉም ቡሎን ይፈታል። ጋራዡ ተሰላችቶ ከስድስቱ ቡሎን አራቱን ብቻ መልሶ ሸኘኝ። አንድ ቀን ቀለበት መንገድ ላይ የፊቱ ወልቆ መሬት ለመሬት እየተጎተተ መጣ። ከኋላዬ ሞተር ሳይክል ነበር። ያን ቀን ሳስብ አሁንም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ሌላም አለ። የኋላው የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይት ማገጃ ማንጠባጠብ ጀምሮ ዘይቱ ላሜራው ላይ ይጠራቀም ነበር። የማቆምበት ቦታ ንጹሕ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። ጭቃው ዘይት ጠጥቶ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አጠገብ ተቀምጦ ስናየው መካኒኩ ራሱ ደነገጠ፤ እሳት ሊሆን ይችል ነበር። ላሜራ ያለው ሰው መሬት አይቶ «አይፈስም» ማለት አይችልም። በሳምንት አንዴ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ማየት አለበት።

ስለዚህ ለማፍሰሻው ቡሎንና ለፊልትሮው ቀዳዳ ይውጣ። ቡና ሲኒ የሚያህል ሰፊ ይሁን፤ ዘይቱ በቀጥታ ወደ ታች ይውረድ እንጂ ላሜራው ላይ አይተኛ። ከኋላም ውኃና ጭቃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር። የጭስ ማጣሪያው ሥር ግን አትሸፍኑት፤ እሱ በጣም ይሞቃል፣ አየር ይፈልጋል።

ባለ ቪታራዋ | እሑድ ከቀኑ 10፡30

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ተገጠመ። ያደረግኩትን በዝርዝር ልጻፍ።

ቋቱን አዲስ አስቀየርኩ። ተሠርቶ የመጣ አንድ አየሁ፤ ሻጩ «ለቪታራ ነው» ቢለኝም ቀዳዳዎቹ ከመኪናዬ ጋር አልገጠሙም። ስለዚህ 3 ሚሊ ብረት ለማሠራት ወሰንኩ።

መጀመሪያ የቴሌቪዥን ካርቶን ወሰድን። መኪናዋ ተነስታ በብረት መቆሚያ ላይ ተቀመጠች፤ በክሪክ ብቻ ማንም ሥሯ እንዲገባ አልፈቀድኩም። ሻንሲው ላይ አራት ባዶ የፋብሪካ ቀዳዳ ተገኘ። ካርቶኑን ከሥር ይዘን ቀዳዳዎቹን፣ የማፍሰሻውን ቡሎንና ፊልትሮውን በእስክሪብቶ ምልክት አደረግንባቸው። ቆርጠን መልሰን ለካነው። ሦስት ጊዜ አስተካከልነው። ካርቶን ቢበላሽ ሌላ ካርቶን አለ። ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ የሚስተካከል ነገር አልነበረም።

ቡሎን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ይህን ማንም ስላልነገረኝ ለሌላው ሰው ልጻፈው። ከቀዳዳዎቹ ሁለቱ 8 ሚሊ፣ ሁለቱ 10 ሚሊ ናቸው። የመጀመሪያው ሱቅ 10 ሚሊ ቡሎን ሰጠኝ፣ ያው ይመስላል። ቀዳዳው ውስጥ ሁለት ዙር ገብቶ ጠበቀ። ሠራተኛው በጉልበት ሊያስገባው ሲል አስቆምኩት። ለካ የጃፓኖቹ 10 ሚሊ ጥርሱ ደቃቅ ነው፤ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ነው። ገበያው ላይ የሚበዛው ደግሞ 1.5 ነው። በግድ ቢገባ የሻንሲው ጥርስ ይበላ ነበር። ከመኪናዋ አንድ ቡሎን አስፈትቼ ይዤ ተመለስኩ፤ ከዳዶ ጋር እያስሞከርኩ ልኩን አገኘሁ። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ያለበትን መረጥኩ።

ላሜራው ታጥፎ፣ ተበስቶ፣ ሁለት ጊዜ አንቲረስት ተቀብቶ 10 ኪሎ መዘነ። የማፍሰሻው ቀዳዳ ልክ እንደተባለው ቡና ሲኒ ያህላል። ከቋቱ 2.5 ሴንቲ ይርቃል።

ከገጠምነው በኋላ ጋዝ ስሰጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። በግራ በኩል የማርሚታውን መያዣ ነክቶት ነው። 1 ሴንቲ ቆርጠን፣ ጠርዙን ሞርደን፣ ቀለም መልሰን፣ ማሰሪያዎቹ ላይ ጎሚኒ ጨመርን። ዝም አለ። ከዚያ ሆነ ብዬ እንጦጦን ወጣሁ፤ አቀበቱ ላይ የሙቀት መለኪያዋ ከወትሮው ንቅንቅ አላለችም።

ያን ሐሙስ ያቆመኝ መንገድ ላይም ሄድኩ። ክዳኑ ተመልሷል። እኔ ግን መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው ያለፍኩት።

የድሮ መካኒክ | እሑድ ከምሽቱ 12፡50

ደስ ብሎኛል ልጄ። ያን ሠራተኛ ማስቆምሽ ብዙ ወጪ አድኖሻል። 500 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ ቡሎኖቹን አስፈትሺ፤ ቀለሙና ጎሚኒው ሲጨማደድ ይላላሉ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ) ካለ 8 ሚሊው በ25፣ 10 ሚሊው በ45 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ጎሚኒው ተጨፍልቆ እንዳይወጣ ግን ውስጡ የብረት ቱቦ ይግባለት። የቡሎኖቹንም ቁጥር ጻፊና መኪናዋ ውስጥ አስቀምጪው። ዘይት ባስቀየርሽ ቁጥር ከመውጣትሽ በፊት ጎንበስ ብለሽ ቁጠሪ።

ፒያሳ ነኝ | እሑድ ከምሽቱ 1፡15

የነዳጁን ነገር እንዳለ እወስደዋለሁ፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ያንን መንገድ ክረምት ላይ አለመግባት ግን አሁንም እመክራለሁ።

ባለ ቪታራዋ | እሑድ ከምሽቱ 1፡40

@የድሮ መካኒክ፣ አራት ናቸው፣ ጽፌያቸዋለሁ። ቱቦውን ነገ አስገባለታለሁ። @ፒያሳ ነኝ፣ ልክ ነህ ወንድሜ፤ ውኃ ከሞላበት ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።

@የካዛንቺስ ልጅ፣ ካርቶኑን አልጣልኩትም። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተጽፈውበታል፤ ያንተም መኪና ያው ከሆነ ይሆንሃል። ከላሜራውም ግማሹ ተርፎ በያጁ ጋ ተቀምጧል።

የካዛንቺስ ልጅ | እሑድ ከምሽቱ 1፡52

ነገ ከሥራ ስወጣ አራት ኪሎ እመጣለሁ። ለመለካት አንድ ቡሎን ከመኪናዬ ፈትቼ ይዣለሁ።